የቦላሌ ቋጠሮ

ባህሪያ አብዱልሀፊዝ ባህር አትወድም ነበር። ስሟ ራሱ ከባህር የመጣ ሴት፣ ጆሃንስበርግ አስራ ሁለት ዓመት ስትኖር አንድ ቀን እንኳ ወደ ደርባን ወርዳ ውሃ አላየችም። የሕንጻችን ሰዎች በዲሴምበር ሚኒባስ ተከራይተው፣ ልጆቻቸውንና ድስቶቻቸውን ጭነው ወደ ባህር ሲወርዱ፣ እሷ በረንዳ ላይ ቆማ እጇን ታውለበልብላቸውና ወደ ሱቋ ትሄዳለች። ለምን አትሄጂም ስላት፣ ውሃ በቧንቧም ይመጣል ትለኛለች። እንዲህ ያለ መልስ እኔን አያጠግበኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ደም ስመረምር ስለኖርኩ፣ ከደም ውጭም ያገኘሁትን ሁሉ መመርመር ይቃጣኛል።

ቤሪያ በሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ በራችን ፊት ለፊት ነው። እኔ የሻሽወርቅ እባላለሁ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። እሷ የስልጤ ልጅ ናት፤ በዕድሜ አስራ ስድስት ዓመት እበልጣታለሁ። እትዬ እያለች "እርስዎ" ትለኛለች። ስትናደድብኝ ብቻ "አንቺ" ትለኛለች፤ ያን ጊዜ መጣላታችንን አውቃለሁ። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ልጅ አልወለዱም። ሥጋ ያለበትን ወጥ እሷ የሠራችውን እኔ አልበላም፣ የኔንም እሷ አትበላም፤ ስለዚህ አንድ ገበታ የምንቀርበው ሽሮ ወይም ዓሣ ሲኖር ነው። እንዲያም ሆኖ በዚህ ከተማ ከእሷ የሚቀርበኝ ሰው የለኝም።

ሱቋ ጂፒ ጎዳና ላይ፣ ዱሮ የሐኪሞች ቢሮ በነበረ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ብርድ ልብስና መጋረጃ ትሸጣለች። ደንበኞቿ ከሊምፖፖና ከዚምባብዌ የሚመጡ ሴቶች ናቸው፤ ገና ከደረጃው ብቅ ሲሉ በዙሉ ቋንቋ "ሳዉቦና ማማ" ብላ ትቀበላቸዋለች፣ የልጆቻቸውን ስም ሳይቀር ታውቃለች። የገዙትን ጠቅልላ በገመድ ታስርላቸውና ጫፉ ላይ ማንጠልጠያ ትሠራለታለች። ሌላው ነጋዴ የሚያስረው ገመድ መንገድ ላይ እየጠበቀ ሄዶ፣ ቤት ሲደርስ በቢላዋ ነው የሚፈታው። የእሷ ግን የቱንም ያህል ቢጎትቱት አይጠብቅም፣ በሁለት ጣት ሲነኩት ደግሞ ይፈታል። ሴቶቹ ለዚያ ማንጠልጠያ ሲሉ፣ ሊፍቱ በተበላሸበት ሕንጻ፣ ሦስት ፎቅ በእግራቸው ይወጣሉ።

ስሙን ስትጠየቅ "የቦላሌ ቋጠሮ" ትላለች። ፎቁ ላይ ያለ ሐበሻ ነጋዴ ሁሉ በዚህ ስም ይስቃል። ቋጠሮን ከሱሪ ጋር ምን አገናኘው? እሷም አታውቀውም። የምታውቀው ልጅ ሳለች አባቷ በቃጫ ገመድ እንዳስተማሯትና፣ ሲያስተምሯትም "ፍልፈሏ ከጉድጓዷ ትወጣለች፣ ዛፉን ትዞራለች፣ ተመልሳ ትገባለች" ይሉ እንደነበር ብቻ ነው። እንሰት ባለበት አገር ፍልፈል የማያውቅ ልጅ ስለሌለ ቶሎ ገብቷታል።

በፈረንጆቹ 2012፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ ታናሽ ወንድሟ ሚስባህ ከአገር ቤት ደወለ። አባታቸው ታመው አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሆዳቸው ውስጥ ዕጢ ተገኝቷል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ። ሐኪሞቹ ይድናሉም፣ አይድኑምም አላሉም። ባህሪያ ስልኩን እንደዘጋች ወደ ኩሽናዬ መጥታ ማጠቢያው አጠገብ ቆመች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ባህር የነገረችኝም ያን ዕለት ነው።

አቶ አብዱልሀፊዝ በወጣትነቴ ምፅዋ ወርጄ ባህር ኃይል ውስጥ አራት ዓመት አገልግያለሁ ይሉ ነበር። ሲመለሱ ግን በእጃቸው አንድ ወረቀት፣ አንድ ፎቶግራፍ አልነበረም፤ ቤት ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ ነው የሚሉት። ለመጀመሪያ ልጃቸው ባህሪያ ብለው ስም አወጡላት። ወሬ ይወዱ ነበር። መስጊድ የሚያህል ዓሣ አይቻለሁ፣ ማዕበል ውስጥ ዘልዬ ገብቼ የአዛዡን የእጅ ሰዓት አውጥቻለሁ ይላሉ። ሰፈሩም "ካፒቴን" ብሎ ስም አወጣላቸው። ፊት ለፊት ካፒቴን ይሏቸዋል፤ ዞር ሲሉ ደግሞ፣ ምፅዋ ሆቴል ቤት ሰሃን አጣቢ ነበር እያሉ ይስቁባቸዋል።

ባህሪያ አስራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ለጋብቻ ሽማግሌዎች መጡ። አባትየው እንግዳ ለማጫወት ብለው ያን የዓሣውን ወሬ አመጡት። ሽማግሌዎቹ እርስ በእርስ ተያይተው ሳቃቸውን ሲያፍኑ እሷ በበሩ ክፍተት አየች። ሰዎቹ ተመልሰው አልመጡም። ምክንያታቸው ሌላ ሊሆን ይችላል። እሷ ግን አባቷ ፊት ቆማ "አንተ ባህር አይተህ አታውቅም፤ ሰሃን ስታጥብ ነው የኖርከው፣ አገር ያወቀው ነው" አለቻቸው።

እሳቸው አልተቆጡም፣ አልመለሱምም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ባህር አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሰው ካፒቴን ብሎ ሲጠራቸው እንኳ ወሬ ይለውጣሉ። ስልክ ስትደውልላቸው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ሚስባህ ልጆች ያወሯታል፤ ነገሩ ወደ ባህር ሲጠጋ ያቆማሉ።

"ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ ስልኩን አነሳለሁ" አለችኝ ባህሪያ። "ግን አሁንም አላመንኩትም እኮ እትዬ። ሊሞት ነው ብዬ አመንኩህ ብለው ያውቅብኛል።"

የምለው ሲጠፋኝ ዝም ማለት አላውቅበትም፣ የሆነ ነገር አደርጋለሁ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሐኪም ከደርባን በታች፣ አንዲት ትንሽ የባህር ዳርቻ ከተማ ውስጥ የእረፍት ቤት አላት፤ ቁልፉን ለመንኳት። እዚህ አገር የቅርስ ቀን የሚባለው በዓል ሰኞ ስለዋለ ሦስት ቀን እረፍት ነበረን። ባህሪያን፣ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠሽ ረቡዕን ከመጠበቅ መንገድ ይሻልሻል አልኳት። ባህርን በዓይንሽ ሳታይ የዋሸውንና ያልዋሸውን በምን ትለያለሽ ብዬም ጨመርኩበት። ዛሬ ሳስበው የሞኝ ንግግር ነው። እሷ ግን አባቷን የምታስብበት ቦታ አጥታ ነበርና እሺ አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በአሮጌዋ ቶዮታዬ ተነሳን። ሰባት ሰዓት ያህል ነዳሁ። ተራራውን ወርደን የሸንኮራው ማሳ ሲጀምር ባህሪያ መስኮቱን ዘጋች፤ አየሩ ጨው ጨው ይላል አለች። ቤቱ ስንደርስ መጋረጃውን ሳበችና ጀርባዋን ለባህሩ ሰጥታ ተቀመጠች። እሑድንም እንዲሁ ዋለች። እኔ ብቻዬን አሸዋው ላይ ተንገላወድኩ፣ ብቻዬን እግሬን ነከርኩ፣ ስመለስ የተጠበሰ ዓሣና ድንች ይዤላት መጣሁ። ዓሣውን በላች። ነገ ደግሞ አብረን እንወርዳለን ስላት "ተይኝ አንቺ" አለችኝ። እኔም ተናድጄ ወደ መኝታዬ ሄድኩ።

ሰኞ ሲነጋ ማካፋት ጀመረ። ከሰዓት በኋላ እስክንነሳ ድረስ የምናደርገው አልነበረንም። ጥግ ላይ አንድ ትንሽ የከተማዋ የታሪክ ሙዚየም አይቼ ነበር፤ በቅርስ ቀን በነጻ ነው ይላል ማስታወቂያው። ሙዚየም ባህር አይደለም ብዬ ለመንኳት። መጣች።

ሙዚየሙ በረንዳው በቆርቆሮ የተሸፈነ የዱሮ የጉምሩክ ቤት ነው፤ ከኋላው እስከ ባህሩ አፋፍ የሚደርስ መናፈሻ አለው። ውስጡ ሦስት ክፍል ነው። በመጀመሪያው ክፍል የሸንኮራ መቁረጫ ቢላዎች፣ በእጅ የሚዞር የልብስ ስፌት መኪና፣ የትምህርት ቤት ልጆች ፎቶግራፍ አለ። ብርጭቆ ሳጥን ውስጥ አንድ የከሰል ካውያ ተቀምጦ ከመቶ ዓመት በፊት ሰዎች ይተኩሱበት ነበር ይላል። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ በእንደዚህ ያለ ካውያ ነጠላዋን ስትተኩስ ያየሁ ሰው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሳነብ ትንሽ ያናድደኛል። ለባህሪያ ብነግራት ፈገግ አለች። ከቅዳሜ ወዲህ ስታሳየኝ የመጀመሪያ ፈገግታዋ ነበር።

ሁለተኛው ክፍል የመርከብ ክፍል ነው። የዓሣ ነባሪ መንጋጋ፣ የዛገ መልሕቅ፣ ግድግዳው ላይ በአረንጓዴ ጨርቅ የተለበጠ ትልቅ ሰሌዳ። ሰሌዳው ላይ ከነጭ ገመድ የተሠሩ ሠላሳ ያህል ቋጠሮዎች ተሰድረዋል፣ ከእያንዳንዱ ሥር ስሙ ተጽፏል። እኔ መንጋጋውን ሳይ ባህሪያ እጄን ያዘችኝ።

"ይሄ የኔ ነው" አለች።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ የእሷ ማንጠልጠያ ነበር። አንዲት ነገር አልተለወጠችበትም። ሥሩ ያለውን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ባውላይን ይላል አልኳት፣ በሙሉ ልብ፣ እንደ ተማረ ሰው። ራሷን ነቀነቀች። አይደለም፣ ቦላሌ ነው አለች። እንዲህ ያለ ስም የለም አልኳት፤ ገበሬም እረኛም ሊያውቀው የሚችል ቋጠሮ ነው፣ ለአባትሽ ምስክር አይሆንም ብዬም ጨመርኩ። ምን አስቸኮለኝ? የተናገርኩትን ራሴም ሰማሁትና አፈርኩ።

በሩ ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አዛውንት ይኼኔ ተነስተው መጡ። ሚስተር ጎቨንደር ይባላሉ። የአካባቢው ሕንዳዊ ናቸው፤ ደርባን ወደብ ላይ ትልልቅ መርከቦችን የሚጎትቱ ጀልባዎች ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ ሙዚየሙን በነጻ ይጠብቃሉ። ለእኔ በጨዋ ደንብ፣ ሲጻፍ እንዳነበብሽው ነው፣ ባህረኛ ግን እንዲህ አይለውም አሉኝ።

"ቦሊን ነው የሚባለው።"

ባህሪያ ሰማች። አጠራሩን ቀስ ብላ ደገመችው፤ ቦሊን፣ ቦሊን። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ እሷና ሚስባህ ልጆች ሆነው ቦላሌ ሲሉ አባታቸው ይቆጧቸው ነበር። "ቦላሌ አይደለም፣ በትክክል ጥሩት" ይሏቸዋል፣ ስሙንም ልክ እንደ ሚስተር ጎቨንደር አድርገው ደጋግመው ይነግሯቸዋል። ልጆቹ ደግሞ የአባታቸውን ሱሪ እየጎተቱ ይንከተከታሉ። በመጨረሻ አባትየው ተሸንፈው ተዉት፣ ቤተሰቡም ሁሉ ቦላሌ አለው።

ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት በዙሉ ስለሆነ እኔ ከነእንግሊዝኛዬ ዳር ቀረሁ። ከፊሉን ገምቼ፣ ከፊሉን ጠይቄ ነው የማወራው። ይህን ቋጠሮ ማን ነው የሚያውቀው ብላ ጠየቀቻቸው። ሌላውም ሊያውቀው ይችላል፣ መርከብ ላይ ግን መጀመሪያ የሚማሩት እሱን ነው፣ ዓይንህን ጨፍነህ ካልቋጠርክ ባህር ላይ አትወጣም ይሉን ነበር አሏት። ከጠረጴዛ መሳቢያ ቁራጭ ገመድ አወጡና ሰጧት። ዓይኗን ጨፈነች። እጇ ሲሠራ ከንፈሯ በስልጥኛ ፍልፈሏን ያወጣል፣ ዛፉን ያዞራል፣ ይመልሳል። ሚስተር ጎቨንደር ከንፈሯን እያዩ በእንግሊዝኛ አብረው ይሉ ጀመር፤ የእሳቸው ጥንቸል ናት እንጂ ጉድጓዱም ዛፉም ያው ነው። ሁለቱም እኩል ጨረሱ።

ማን አስተማረሽ አሏት። "ኡባባ" አለች፤ አባቴ ማለት ነው። መርከበኛ ነበር? ብለው ጠየቁ፤ እሳቸው ለወሬ ያህል ነው የጠየቁት። ባህሪያ ይህን ጥያቄ ሃያ ሁለት ዓመት ስትሸሸው ነው የኖረችው።

"ዬቦ" አለች፤ አዎ ማለት ነው። "መርከበኛ ነው።"

ገመዱን በሁለት እጇ መለሰችላቸውና በኋላ በር ወደ መናፈሻው ወጣች። ተከተልኳት። ካፊያው አቁሟል፣ ሣሩ እርጥብ ነው፤ ሁለት ጦጣዎች ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው የድንች ልጣጭ ሲያወጡ እኛን አይተው አልሸሹም። አፋፉ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር። ጥግ ጥጉን ሄዳ ትቀመጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ መሃሉ ላይ ፊቷን ወደ ውሃው አዙራ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አየችው። ምን ይመስላል ብዬ ልጠይቃት ፈልጌ፣ አንዴ እንኳ ዝም ልበል ብዬ ተውኩት። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለሚስባህ ደወለችና አባን አገናኘኝ አለችው።

ንግግራቸው በስልጥኛ ነበር። የኔ ድርሻ ፊቷን ማየት ብቻ ሆነ፤ ቃሉን ወደ ጆሃንስበርግ ስንመለስ መኪና ውስጥ አንድ በአንድ ነገረችኝ።

አባትየው መጀመሪያ ደነገጡ። በሥራ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ሱቁ ምን ሆነ አሏት። ሱቁ ደህና ነው፣ እዚህ ዛሬ በዓል ነው፣ የባህር ዳርቻ ላይ ነኝ አለቻቸው። ባህር የሚለውን ቃል በሁለታቸው መካከል የጠራ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ!

"አባ" አለች፣ "ቋጠሮው ቦሊን ነው የሚባለው። መርከብ ላይ የሠሩ ሰው ነገሩኝ።"

ስልኩ የተቋረጠ መስሏት አነሳችና አየችው። መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገችውና ሰሃን አጣቢ ያልኩህን ይቅር በለኝ አለቻቸው። ይህን ስትል እኔ በስልጥኛም ቢሆን ገባኝ፤ ድምጿ ተሰብሮ ነበርና። ደረስኩና ጎኗ ተቀመጥኩ። አላስተዋለችኝም።

አቶ አብዱልሀፊዝ፣ ልጄ፣ ውሸትም ነበረበት አሏት። እውነቱ ይኸው ነው ብለው ነገሯት። ባህር ኃይል ገብተዋል። ስልጠናውን ጨርሰዋል። መርከብ ላይ የወጡ ዕለት ግን ከምፅዋ ሳይርቁ ማስመለስ ጀመሩ፣ እስኪመለሱም ድረስ አላቋረጣቸውም። ይለምደዋል ተብሎ ሁለተኛ ወጡ፣ ሦስተኛም ወጡ፤ ያው ነው። አዛዡ ይህ ልጅ ይሞትብኛል ብሎ የብስ ላይ የገመድ መጋዘን ውስጥ መደባቸው። አራቱን ዓመት ገመድ ሲቀጥሉ፣ ሲቋጥሩ፣ ሲጠቀልሉ ኖሩ። ሰው ሲጎድል ወጥ ቤት ይላካሉ፤ ሰሃኑንም አጥበዋል። መስጊድ የሚያህል ዓሣ አልነበረም። የአዛዡን ሰዓትም ሌላ ሰው ነው ያወጣው።

ታዲያ ለምን ጨመርክበት አለቻቸው። ቁጣ አልነበረበትም፣ መኪና ውስጥ ስትነግረኝ እንኳ እንባና ሳቅ እየተናነቃት ነበር።

"መጀመሪያ እውነቱን ነበር የተናገርኩት" አሏት። "ያመነኝ አልነበረም። ካላመኑኝ አይቀር ብዬ ዓሣውን አሳደግኩት።"

ባህሪያ ሳቀች፤ ጦጣዎቹ እስኪሸሹ ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ አገጯ ላይ ይወርድ ነበር፤ መሐረቤን ሰጠኋት፣ ያዘችው እንጂ አልጠረገችበትም። አባትየውም በዚያኛው ጫፍ ሲስቁ ይሰማኝ ነበር፤ ሆዳቸውን ይዘው መሆን አለበት፣ ሳቃቸው አጭር አጭር ነው።

በአጠቃላይ ስንት ቀን መርከብ ላይ ነበርክ ብላ ጠየቀቻቸው። ትንሽ ነገር ቢሆንም ሰው ፊት ሊናገሩት ሲያፍሩበት የኖሩት ነገር ነው።

"ሦስቱም ጉዞ ተደምሮ አስራ አንድ ቀን።"

ባህሪያ እግሯን ወንበሩ ላይ አውጥታ አጣጠፈች፣ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ስልኳን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። የምንነሳበት ሰዓት አልፎ ነበር፣ ሰባት ሰዓት መንገድም ይጠብቀኛል፤ እኔ ግን ብድግ አላልኩም።

"አስራ አንዱንም ቀን ንገረኝ" አለቻቸው።

እሳቸውም ከመጀመሪያው ቀን ጀመሩ።